ስለ አዛዥ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ
በየቡና በአካባቢው ላሉ መምህራንና ሽማግሎች የተነገረ ንግግር



ስደተኛ የሚለው ቃል በሁሉ ቤት የታወቀ ነው። የክርስቲያን ልጅ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ወደ ግብጽ መሰደዷን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሲሰማ ያድጋል። የሙስሊም ልጅም የነቢዩ ተከታዮች በመካ መከራ ሲጸናባቸው ባሕር ተሻግረው ወደ ሐበሻ ንጉሥ መምጣታቸውን፥ ንጉሡም አሳልፎ አልሰጥም ማለቱን ከአባቱ ይማራል። ስለዚህ ስደተኛን ማስጠጋት ለዚህ አገር እንግዳ ትምህርት አይደለም። ነገር ግን ስደተኛን በቤት ማሳደር አንድ ሥራ ነው፤ ስለ ስደተኛ በመንግሥታት ፊት ቆሞ መናገር ደግሞ ሌላ ሥራ ነው። ይህን ሁለተኛውን ሥራ ከሠሩት ኢትዮጵያውያን አንዱ አዛዥ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው። ታሪካቸውም ከዚህ ከጅማ አገር ጋራ በአንድ መራራ ነገር የተገናኘ ስለ ሆነ፥ በዚህ ስፍራ ቢነገር የተገባ ነው።

ሐኪም ወርቅነህ የተወለዱት በጎንደር ነው። ሦስት ዓመት ያህል ሲሆናቸው በመቅደላ አምባ ነበሩ። በዚያ ዘመን ዐፄ ቴዎድሮስ ያሰሯቸውን የውጭ አገር ሰዎች ለማስፈታት በጄኔራል ናፒየር የሚመራ የእንግሊዝ ጦር ከባሕር ወጥቶ እስከ መቅደላ ዘለቀ። በፋሲካ ማግሥት፥ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አምባው ተሰበረ፤ ንጉሠ ነገሥቱም እጄን አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ገደሉ። በዚያ ግርግር ሕፃኑ ወርቅነህ ከወላጆቹ ተለይቶ ወድቆ ተገኘ። የማን ልጅ ነህ ቢሉት የሚመልስበት ዕድሜ አልነበረም። ኮሎኔል ቻምበርሌን የተባለ የእንግሊዝ መኮንን አዘነለትና ይዞት ወደ ሕንድ አገር ሄደ።

በዚያው ቀን ከዚያው አምባ ሌላ ልጅ ተወስዷል፤ እርሱም የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ነው። ዕድሜው ሰባት ዓመት ያህል ነበረ። የንጉሥ ልጅ በመሆኑ ንግሥት ቪክቶሪያ ራሷ ታስብለት ነበር፤ በታላላቅ ትምህርት ቤቶችም ገባ። ሆኖም አገሩን ሳያይ በ1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ በእንግሊዝ አገር ሞተ፤ የተቀበረውም በዊንዘር ነው። የንጉሡ ልጅ በባዕድ አገር ሲቀር፥ ስሙን እንኳ የሚያውቅለት ያልነበረው ሕፃን ግን ተመልሶ አገሩን ለማገልገል በቃ። በሰው አሳብ ቢመዘን ነገሩ የተገላቢጦሽ በሆነ ነበር።

ወርቅነህም በሕንድ አገር ጥቂት እንደ ቆየ ያነሣው ኮሎኔል ሞተበት። ሁለተኛ ጊዜ ያለ አሳዳጊ ቀረ ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ማርቲን የሚባል ሌላ ኮሎኔል የትምህርቱን ገንዘብ ከፈለለት። ስለዚህ ልጁ ከአንዱ ቻርልስ፥ ከሌላው ማርቲን የሚለውን ስም ወስዶ ቻርልስ ማርቲን ተባለ። ወርቅነህ የሚለው ስም ጠፋ፤ አማርኛውም ከአፉ ጠፋ። በላሆር ከተማ ሕክምና ተማረ፤ ኋላም ወደ ስኮትላንድ ተሻግሮ ትምህርቱን አስፋፋ፤ ከዚያም ብርማ በሚባለው አገር በእንግሊዝ መንግሥት ሥር ሐኪም ሆኖ ተሾመ። ደመወዝ ነበረው፤ ክብር ነበረው። ከወዴት እንደ መጣ ግን ከመቅደላ በቀር የሚያውቀው አልነበረም።

ኢጣልያ ኢትዮጵያን መውጋቷን፥ በዐድዋም ድል መሆኗን በሰማ ጊዜ ልቡ ወደ አገሩ ተሳበ። ፈቃድ ተቀብሎ፥ ከዐድዋ ጦርነት ጥቂት ዓመታት በኋላ አዲስ አበባ ገባ። በመቅደላ ጊዜ የጠፋ ልጅ ተገኘ የሚለው ወሬ ሲሰማ፥ ሴት አያቱ መጥተው አዩት። ቋንቋው የባዕድ፥ ልብሱ የባዕድ ነበር። አያቱ ግን ልጁ በሕፃንነቱ የነበሩትን የጠባሳ ምልክቶች ያውቁ ነበርና በእጁና በእግሩ ላይ ፈልገው አገኟቸው። ወርቅነህ የሚባለውም ስሙ በዚያን ጊዜ ተመለሰለት። የወረቀት ማስረጃ በሌለበት ዘመን ሠላሳ ዓመት ያህል ጠፍቶ ለኖረ ሰው ከአያት ዓይን የሚበልጥ ምስክር ከወዴት ይመጣ ነበር?

ከዚህ በኋላ ያለው የሥራቸው ዘመን ረጅም ስለ ሆነ ሁሉን ማተት አይቻልም። በብርማና በኢትዮጵያ መካከል ሲመላለሱ ቆይተው ዐፄ ምኒልክንም በሕመማቸው ጊዜ ካከሟቸው ሐኪሞች አንዱ ነበሩ። ኋላም ከእንግሊዝ መንግሥት ሥራ በጡረታ ወጥተው ፈጽመው ወደ አገራቸው ገቡ። በሚያዝያ 1917 ዓ.ም. የተከፈተውን የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በበላይነት ተቆጣጠሩ። በፍርድም ሥራ ተሰማሩ። በ1920 ዓ.ም. በመንግሥት ተልከው ወደ አሜሪካ ሄደው ስለ ጣና ግድብ ተነጋገሩ፤ በዚያ የሚኖሩትንም የአፍሪካ ዘር የሆኑ ባለ ሙያዎች ወደ ኢትዮጵያ መጥተው እንዲሠሩ ጋበዙ። ከእነዚህ ሁሉ መምህራን ሊያስተውሉት የሚገባው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም አማርኛን ካደጉ በኋላ እንደ ባዕድ ከፊደል ጀምሮ የተማሩት ሰው ለኢትዮጵያ ልጆች በአማርኛ የጂኦግራፊ መጽሐፍ ጽፈው ማሳተማቸው ነው። ብዙ አገር ያዩት ተወስደው ነው፤ ያዩትን ግን ለልጆች ማስተማሪያ አደረጉት።

ከወዳጆቻቸውም ጋራ ማኅበር አቁመው ነፃ ለወጡ ባሮች ትምህርት እንዲያገኙ ይደክሙ ነበር። በዚህ በጅማ ያሉ ሽማግሎች ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ሌላ አስረጂ አያሻቸውም፤ በቀድሞ ዘመን በሂርማታ ገበያ ከቡናውና ከማሩ ጋራ ሰው ይሸጥ እንደ ነበረ አባቶቻቸው ነግረዋቸዋል። ከእናቱ እቅፍ ተነጥቆ የተሸጠ ልጅና በጦርነት ግርግር ከወላጆቹ ተለይቶ ወደ ሩቅ አገር የተወሰደ ልጅ ዕድላቸው አንድ ባይሆንም፥ ስማቸው መጥፋቱና ወገናቸው አለመታወቁ አንድ ነው። ሐኪም ወርቅነህ ይህን ከመጽሐፍ አልተማሩትም።

ከዚህ በኋላ የጨርጨር አውራጃ ገዢ ሆነው ተሾሙ። ጨርጨርም እንደ ጅማ የቡና አገር ነው። ዋና ከተማው አስበ ተፈሪ ነበረ። በዚያ መንገድ አስጠረጉ፤ ሹሞችም ከገበሬው ከሚወስዱት ይልቅ በደመወዝ እንዲኖሩ ለማድረግ ሞከሩ፤ አውራጃውም ለሌሎቹ ምሳሌ እንዲሆን ታስቦ ነበር። ጦርነቱ ባይደርስ ኖሮ ሥራው እስከ ምን እንደሚደርስ ማየት በተቻለ ነበር። ነገር ግን በ1927 ዓ.ም. ሰባ ዓመት ገደማ ሲሆናቸው፥ ሌላው ሰው በሚያርፍበት ዕድሜ፥ የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ወደ ሎንዶን ተላኩ። እነዚያ እንግሊዞች ከመቅደላ የወሰዱት ሕፃን አሁን የንጉሠ ነገሥቱን የሹመት ደብዳቤ ይዞ በእንግሊዝ ንጉሥ ፊት ቀረበ።

ኢጣልያ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢትዮጵያን ወሰን ጥሳ ገባች። ሐኪም ወርቅነህም በጋዜጣ እየጻፉ፥ በአዳራሽ እየተናገሩ፥ ለቍስለኞች መድኃኒትና ገንዘብ ይለምኑ ጀመር። መድኃኒት ይለምኑ የነበሩት እርሳቸው ራሳቸው ሐኪም ስለ ነበሩ በመርዝ ጢስ የተቃጠለ ሥጋ ምን እንደሚመስል ለማወቅ አስተርጓሚ አያሻቸውም ነበር። የእንግሊዝ ሕዝብ ብዙው አዘነ፤ የሰጠም ሰጠ። መንግሥቱ ግን ከኢጣልያ ጋራ መጣላትን አልፈለገም። ሕዝብ ሲያዝንና መንግሥት ሲያመነታ በመካከሉ የሚቆም መልእክተኛ ሥራው እጅግ ከባድ ነው፤ የሚያነጋግሩት ሁሉ ያከብሩታል፥ የሚጠይቀውን ግን አይሰጡትም።

ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወጥተው በኢየሩሳሌም በኩል ወደ ሎንዶን መጡ። ሰኔ 23 ቀንም በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ስለ አገራቸው ተናገሩ። ከአራት ቀን በኋላ ማኅበሩ በኢትዮጵያ ጥያቄ ላይ ድምፅ ሰጠ። ጥያቄው ለአገር መከላከያ የሚሆን የ10 ሚሊዮን ፓውንድ ብድር በማኅበሩ ዋስትና እንዲገኝ ነበር። 23 መንግሥታት እንቢ አሉ፤ 25ቱ ድምፅ ሳይሰጡ ዝም አሉ፤ ይሁን ያለችው ራሷ ኢትዮጵያ ብቻ ነበረች። በዚህ ቍጥር ውስጥ የሚያስገርመው እንቢ ያሉት ሳይሆኑ ዝም ያሉት ናቸው።

ከዚህ ቀን ጀምሮ የኢትዮጵያ መልእክተኞች ሥራ መልኩን ለወጠ። አገሪቱ ተይዛለች፤ ሕዝቡም በየአቅጣጫው ተበትኗል። አንዳንዱ ወደ ጅቡቲ፥ አንዳንዱ ወደ ሱዳን፥ አንዳንዱ ወደ ኢየሩሳሌም ሄደ። በደቡብ በኩል የወጡት ደግሞ በኬንያ ኢሲዮሎ፥ ኋላም ታቬታ በሚባለው ስፍራ በሰፈር ተከማችተው ይኖሩ ነበር፤ ከእነርሱም መካከል የጣልያንን ሠራዊት ትተው የከዱ የኤርትራ ተወላጆች ነበሩበት። ለእነዚህ ሰዎች ማን ይናገርላቸው?

እዚህ ላይ ሕጉ እንዴት እንደ ነበረ ማስረዳት ያስፈልጋል። የመንግሥታት ማኅበር ስለ ስደተኞች ምንም አላሰበም ማለት ሐሰት ነው። ከ1913 ዓ.ም. ጀምሮ ፍሪድዮፍ ናንሰን የተባለ የኖርዌይ ሰው ይህን ሥራ እንዲመራ ሾሞ ነበር። ይህ ሰው በ1914 ዓ.ም. መንግሥት ለሌለው ስደተኛ የሚሆን የይለፍ ወረቀት አስወጣ፤ በስሙም የናንሰን ፓስፖርት ተባለ። ነገር ግን ወረቀቱ የሚሰጠው ለስደተኛ ሁሉ አልነበረም፤ ወገኑ በስም ለተጻፈ ብቻ ነበረ። መጀመሪያ ለመስኮብ፥ ቀጥሎ ለአርመን፥ ከዚያም ለአሦራውያንና ለጥቂት ሌሎች ተፈቀደ። ኋላም ከጀርመን ለሚሸሹት ሌላ ስምምነት ተደረገ። ኢትዮጵያዊ የሚል ስም ግን በዝርዝሩ አልነበረም። ስለዚህ አንድ ኢትዮጵያዊ ጦር ካባረረው በኋላ ወደ ሌላ አገር ቢገባ የሚቀበለው የዚያ አገር ገዢ በጎ ፈቃድ እንጂ ሕግ አልነበረም። ቸር ገዢ ቢገጥመው ዳቦ ያገኛል፤ ባይገጥመው ይመለሳል።

ሐኪም ወርቅነህና ባልንጀሮቻቸው የሚከራከሩት በዚህ በባዶው ስፍራ ላይ ነበር። የኢትዮጵያ መንግሥት ፈጽሞ ጠፍቷል ከተባለ ስደተኛው የማንም አይደለም፤ መንግሥቱ አለ ከተባለ ግን ወረቀቱንም የሚሰጥ፥ አቤቱታውንም የሚያቀርብ ወኪል አለው። በሎንዶን የነበረው ለጋሲዮን በሩን ክፍት አድርጎ መቆየቱ ስለዚህ ነበር። ሲልቪያ ፓንክኸርስት የምትባለው እንግሊዛዊት ከሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ጀምራ ስለ ኢትዮጵያ የሚናገር ሳምንታዊ ጋዜጣ ታወጣ ነበርና ከእርሷና ከመሰሎቿ ጋራ ተባብረው ነገሩ እንዳይረሳ አደረጉ።

ከዚህ ሁሉ ድካም ምን ተገኘ ብሎ የሚጠይቅ ሽማግሌ አይጠፋም። ጥያቄው የተገባ ነው። ብድሩ አልተገኘም፤ ጠመንጃም አልመጣም። ሆኖም በመስከረም 1929 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር የኢትዮጵያን መልእክተኞች እንደ ባለ መብት አስቀመጣቸው። እንግሊዝ በኅዳር 1931 ዓ.ም. የኢጣልያን ግዛት በሕግ ብታውቅም፥ አሜሪካ፥ መስኮብ፥ ቻይናና ሜክሲኮ አላወቁም። ይህ በወረቀት ላይ ያለ ነገር ነው ተብሎ ሊናቅ አይገባም፤ አገሩ በእጁ ለሌለ ሰው ወረቀቱ ብቻ የሚቀርበት ጊዜ አለና።

አሁን ወደዚህ ወደ ጅማ አገር እንመለስ።

ሐኪም ወርቅነህ በሎንዶን ስለ ስደተኞች ሲናገሩ ሁለት ወንዶች ልጆቻቸው፥ ቢንያምና ዮሴፍ፥ በኢትዮጵያ ነበሩ። ሁለቱም እንግሊዝ አገር የተማሩ ናቸው። ከአባታቸው ዘንድ መቅረት ይችሉ ነበር፤ ነገር ግን የጥቁር አንበሶች ከሚባለው ማኅበር ጋራ ሆኑ። ይህ ማኅበር በ1928 ዓ.ም. ክረምት በወለጋ በኩል የተቋቋመ ነው፤ አባሎቹም በውጭ አገር የተማሩ ወጣቶችና የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ተማሮች ነበሩ፤ መሪያቸውም ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ነበር። በዚያው ሰኔ በነቀምት አጠገብ ቦናያ በሚባል ስፍራ ያረፉት የጠላት አውሮፕላኖች ተቃጠሉ፤ ጄኔራል ማሊዮኮ የተባለውም ሞተ። ከዚህም በኋላ ማኅበርተኞቹ በጎሬ ለነበሩት ለልዑል ራስ ዕምሩ ታዘዙ።

የጥቁር አንበሶች ማኅበር የተጻፈ ደንብ ነበረው። ደንቡ ገበሬው እንዳይዘረፍ ያዝዛል፤ ምርኮኛ እንዳይበደል ያዝዛል፤ ደግሞም አባሉ አገሩን ትቶ እንዳይሰደድ ይከለክላል። እንግዲህ ነገሩን ተመልከቱት። አባት በባዕድ ከተማ ስለ ስደተኛ መብት ይከራከራል፤ ልጆቹ ደግሞ መሰደድን የሚከለክል ደንብ ባለው ማኅበር ገብተዋል። ይህን አይቶ አባትና ልጅ ተቃራኒ መንገድ ይዘው ነበር የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን አይደለም። ደንቡ የተጻፈው መሣሪያ ለያዘ ጎልማሳ ነው፤ አባትየው ይናገሩለት የነበረው መሣሪያ ለሌለው፥ ለሴት፥ ለሕፃን፥ ለቍስለኛ ነው። አንድ አገር ሲወጋ ሁለቱም ሥራ ያስፈልጋል፤ ከአንድ ቤትም ሁለቱም ወጣ።

የራስ ዕምሩ ሠራዊት ጥይት እያለቀበት፥ በአውሮፕላንም እየተደበደበ ወደ ከፋ በኩል አፈገፈገ። በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. በጎጀብ ወንዝ አጠገብ ከየአቅጣጫው ተከበበ። ከጅማ ወደ ቦንጋ የሚሄድ መንገደኛ ሁሉ የሚሻገረው ይኸው ጎጀብ ነው። ራስ ዕምሩም ወታደሮቻቸው እንዳያልቁ ብለው እጃቸውን ሰጡ፤ ወደ ኢጣልያም ተወስደው ፖንዛ በምትባል ደሴት ታሰሩ። የጥቁር አንበሶችም ማኅበር በዚያ ፈረሰ። ሁለት ወር ያህል ቆይቶ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ተጣለ። ከዚያ በኋላ ጣልያኖች የተማረውን ኢትዮጵያዊ ሁሉ እየፈለጉ ሲገድሉ ቢንያምና ዮሴፍ ወርቅነህም ተገደሉ።

አባታቸው በዚያን ጊዜ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። እንግሊዝ የኢጣልያን ግዛት ካወቀች በኋላ የሎንዶኑ ሹመት ትርጕም አጣ። ሐኪም ወርቅነህም ወደ ሕንድ አገር ሄዱ። በሦስት ዓመታቸው ተሸክመው ያሻገሯቸው ወደዚያው አገር ነበረ፤ በሽምግልና ሁለተኛ ጊዜ ስደተኛ ሆነው ገቡበት። ልዩነቱ በመጀመሪያው ጊዜ እናት አባት የጠፋበት ልጅ ነበሩ፤ በሁለተኛው ልጆች የሞቱባቸው አባት ነበሩ። ጠላት በ1933 ዓ.ም. ድል ከሆነ በኋላ ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ በመስከረም 1945 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዐረፉ።

በሕይወታቸው ዘመን ባዶ ሆኖ የነበረው የሕግ ስፍራ የተሞላው እርሳቸው ካለፉ በኋላ ነው። ሊሞቱ አንድ ዓመት ሲቀራቸው፥ በ1943 ዓ.ም. በጄኔቭ ስለ ስደተኞች ዓለም አቀፍ ስምምነት ተፈርሞ ነበር። ይህ ስምምነት በወገን ስም መቍጠርን ተወ፤ ነገር ግን ከዚያ ዓመት በፊት በሆነው ነገር የተሰደዱትን ብቻ ይመለከት ነበር፤ ስደተኛም የሚለው በዘሩ፥ በሃይማኖቱ ወይም በአሳቡ የሚሳደደውን ነው። አገሩ በባዕድ ጦር ስለ ተያዘበት ብቻ የወጣ ገበሬ በዚህ አነጋገር ውስጥ በቀላሉ አይገባም ነበር።

ከዚያ በኋላ ጳጕሜን 5 ቀን 1961 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት አባል መንግሥታት በአዲስ አበባ ተሰብስበው ስለ አፍሪካ ስደተኞች የራሳቸውን ስምምነት ፈረሙ። ሰኔ 13 ቀን 1966 ዓ.ም. ሕግ ሆኖ ጸና። ይህ ስምምነት የጄኔቩን ቃል ከተቀበለ በኋላ ሌላ ቃል ጨመረበት፤ ይኸውም በውጭ ወረራ፥ አገር በመያዝ፥ በባዕድ አገዛዝ ወይም ጸጥታን እጅግ በሚያውክ ነገር ምክንያት ከመኖሪያው ተገድዶ የወጣ ሰው ሁሉ ስደተኛ ነው የሚል ነው። ስደተኛን ማስጠጋትም የሰላምና የሰብአዊነት ሥራ ነውና ማንም መንግሥት እንደ ጠላትነት ሊቈጥረው አይገባም ይላል፤ ሳይወድም ወደ አገሩ እንዳይመለስ ይከለክላል። በዚያ ዘመን በኢሲዮሎ፥ በጅቡቲና በኢየሩሳሌም ለነበሩት ኢትዮጵያውያን የጐደለው ቃል ይህ ነበረ፤ የተጻፈውም ሐኪም ወርቅነህ አያታቸውን ባገኙባት ከተማ ነው።